የአባትዎ እግር ውቂያው እስኪያልቅ አይጠብቅም

ከቢቸና የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ ፍሬ ሐሳቡን ብቻ እናቀርባለን።

«አባቴ የ63 ዓመት ገበሬ ናቸው። ስኳር በሽታ ከተገኘባቸው 9 ዓመት ሆኗል፤ የደም ግፊትም አለባቸው፤ በውትድርና ዘመናቸው የለመዱትን ሲጋራ እስካሁን አልተዉም። ከዓምና ጀምሮ ዳገት ሲወጡ የቀኝ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንሽ ካረፉ በኋላ ይለቃቸዋል። እኛም እሳቸውም ብርድና ቁርጥማት ነው ብለን ቅባት ስንቀባ ከረምን። ከመስቀል ወዲህ ግን ሕመሙ ሌሊት እየቀሰቀሳቸው እግራቸውን ከመደቡ ወደ ታች አንጠልጥለው ያድራሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጫማ የላጠው ሁለተኛው ጣታቸው አሁን ጠቁሯል። የወረዳችን ሆስፒታል ወደ ደብረ ማርቆስ ላካቸው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ‹የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ይያቸው› ብሎ ሪፈር ጻፈላቸው። እሳቸው ግን ‹ሊቆርጡኝ ነው፤ ከነአካሌ ልቀበር› ብለው እንቢ አሉ። አጎቴ በመጀመሪያ ሁለት ሱባዔ ጠበል ይጠመቁ ይላል። ወንድሜ ደግሞ ውቂያው አልቆ ጥምቀት ከዋለ በኋላ በሬ ሸጠን እንወስዳቸዋለን ይላል። እናቴም የእግሯ ደም ሥር ተገታትሮ ማታ ማታ ያብጥባታል፤ ለሁለቱም ከመድኃኒት ቤት የሚለጠጥ ካልሲ ልገዛላቸው አስቤ ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ውድ እህታችን፣

ከሁሉ የሚቀድመውን ልመልስልዎ። ውቂያውም ጥምቀቱም አይጠበቅም፤ ካልሲውንም ለአባትዎ አይግዙ። የሪፈሩ ወረቀት በእጅዎ ስላለ አባትዎ በዚህ ሳምንት ውስጥ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው። በደብዳቤ ላይ ብቻ ተመርኩዞ ለበሽታ ስም መስጠት ለማንም ሐኪም አይገባም። ነገር ግን እርስዎ በጥንቃቄ የዘረዘሩት የሕመሙ አካሄድ፣ ማለትም ሲሄዱ የሚይዝና ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም፣ ቀጥሎ እግር አንጠልጥሎ የሚያሳድር የሌሊት ሕመም፣ በመጨረሻም የማይድን ቁስልና የጠቆረ ጣት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሲመጣ ወደ እግር ደም የሚያደርሱት ደም ሥሮች መጥበባቸውን ወይም መዘጋታቸውን አጥብቆ ያመለክታል። የደብረ ማርቆስ ሐኪሞችም ይህንኑ ጠርጥረው የላኳቸው ይመስለኛል፤ ያደረጉትም ትክክለኛውን ነው።

ልብ የሚገፋው ደም ወደ መላ አካል የሚደርሰው ደም ቅዳ በሚባሉት ደም ሥሮች ሲሆን፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደግሞ ደም መልስ በሚባሉት ነው። የአባትዎ ችግር በመጀመሪያዎቹ፣ የእናትዎ ደግሞ በሁለተኞቹ ላይ ያለ ስለሚመስል ለሁለቱም አንድ መፍትሔ ሊኖር አይችልም። በደም ቅዳ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በረጅም ዓመታት ስብና ካልሲየም እየተጋገረ ሲሄድ መተላለፊያው ይጠብባል። ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የደም ቅባት መብዛትና ሲጋራ ይህን ያፋጥኑታል፤ ከእነዚህም ቢያንስ ሦስቱ በአባትዎ ላይ አሉ። ሰው በተቀመጠበት ጊዜ በጠበበው ደም ሥር የሚያልፈው ደም ለባቱ ጡንቻ ይበቃዋል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ጡንቻው ብዙ እጥፍ ደም ፈልጎ ስለሚያጣ ይጨመደዳል፤ ቆሞ ሲያርፍም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቀዋል። የቁርጥማት ጠባይ እንዲህ አይደለም፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ቆም በማለት ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ፈጽሞ አይጠፋም። በጎጃም ደጋ የእግር ሕመም ሁሉ ብርድ እየተባለ እንደሚታለፍ አውቃለሁ። ይህን የማነሣው ቤተሰቡን ለመውቀስ ሳይሆን፣ መልሱን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ባታቸውን በተወሰነ ርቀት ላይ እየያዘ የሚለቃቸው ከሆነ ቅባት ከመግዛታቸው በፊት እንዲመረመሩ ነው።

የሌሊቱ ሕመም ከዚህ የከፋ ደረጃ ነው። በጠበበው ደም ሥር የሚያልፈው ደም ለሥራ ቀርቶ ለዕረፍትም አልበቃ ሲል የእግር መዳፍና ጣቶች ያለ እንቅስቃሴም ይታመማሉ። ሰው ጋደም ሲል ደም ወደ ታች የሚወርድበት እርዳታ ስለሚቀር ሕመሙ ይጠነክራል፤ እግር ሲንጠለጠል ደግሞ ጋብ ይላል። ስለዚህ አባትዎን «እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ» ብሎ ከትራስ ላይ ማስቀመጥ ምንም እንኳ ከፍቅር የመጣ ቢሆን ይጎዳቸዋል። የሚለጠጠው ካልሲም እንዲሁ ነው፤ በቂ ደም የማይደርሰውን እግር ከውጭ አጥብቆ በመያዝ የቀረችውን ጥቂት ደም ይከለክላል፤ ቆዳውንም ሊገድለው ይችላል።

እስከሚሄዱበት ቀን ድረስ ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር ጥቂት ቢሆንም ብርቱ ነው። ስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ አባትዎ ምድጃ ዳር እግራቸውን ሲሞቁ ቢቃጠሉ እንኳ ላይሰማቸው ይችላል፤ እሳት መሞቅ፣ የፈላ ውኃ በጆግ ወይም በጠርሙስ አድርጎ ከእግር ሥር ማስቀመጥ፣ በጨው ውኃ መዘፍዘፍ ፈጽሞ ይቅር። የጠቆረው ጣት ደረቅ ከሆነ ደረቅ እንደሆነ በንጹሕ ጋዝ ሳይጠብቅ ይሸፈን፤ ቅጠል፣ ቅቤ፣ የተፈጨ መድኃኒት አይደረግበት፤ የሞተ የሚመስለውን ቆዳ በምላጭ ማንሣት ወይም ወጌሻ ማሳሸት እጅግ አደገኛ ነው። ኮንጎ ጫማው ይቅርና ሰፋ ያለ፣ ጣት የማይነካ ጫማ ይፈለግላቸው። ተረከዛቸውም ቀኑን ሙሉ ጠንካራ ነገር ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ ለስለስ ያለ ጨርቅ ይደረግ፤ ደም ባጣ እግር ላይ ተረከዝ በመጫን ብቻ ይቆስላል፤ ይህ ቁስል ደግሞ ከጣት ቁስል ይልቅ ለመዳን ያስቸግራል። ለሕመሙ ሲባል ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ እየገዙ መስጠት አይገባም፤ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ግፊትንም የሚጨምር በመሆኑ ከፊታቸው ላለው ምርመራ እንቅፋት ይሆናል። የሚስማማቸውን ማስታገሻ ሪፈር የጻፈላቸው ሐኪም እንዲያዝላቸው ይጠይቁ።

ይህን ስል ሳምንት ለመጠበቅ የማይፈቅዱ ምልክቶች እንዳሉ ልብ ይበሉ። ጣቱ ረጥቦ መሽተት ከጀመረ፣ መግል ከያዘ፣ መቅላቱና ማበጡ ወደ ቁርጭምጭሚት ከወጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ስኳራቸው ያለ ልማዱ ካሻቀበ፣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰዱ፤ መግል ማፍሰስና በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መጀመር ቀጠሮ አይጠብቅም። እግሩ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ፣ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ካቃታቸው ደግሞ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ደም ሥሩ በረጋ ደም ድንገት ተዘግቷል ማለት ስለሆነ ጡንቻው ሳይሞት ለመድረስ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ድንገተኛ መዘጋት በወጣትነት በያዛቸው የልብ ቁርጥማት የልብ በራቸው የተጎዳ፣ የልብ ምታቸውም የተዛባ ሰዎችን ጭምር ያጋጥማል፤ በአገራችን የልብ ቁርጥማት የተለመደ በመሆኑ ወጣት ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

አሁን በዚህ መልስ ውስጥ ከሁሉ በላይ እንዲይዙልኝ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ጣቱ ወይም እግሩ ከመቆረጡ በፊት ወደዚያ እግር የሚደርሰው ደም መለካት አለበት፤ ሊሻሻል የሚችል ከሆነም መጀመሪያ መሻሻል አለበት። ደም በማይደርስበት እግር ላይ የጠቆረ ጣት ቢቆረጥ የተቆረጠበት ቦታ ራሱ አይድንም፤ ቁስሉ ይሰፋል፤ ከጣት ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ ባት እያለ መቆራረጡ ይቀጥላል። በመንደርዎ «አንዴ መቁረጥ ከጀመሩ አያቆሙም» የሚባለውን ሰምተው ከሆነ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው መቁረጥ ሳይሆን ደም የሚያልፍበትን መንገድ መፈለግ ነው። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆነው የተሰራጨ መግልና ኢንፌክሽን ሲኖር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሕይወትን ለማትረፍ የተበላሸው ክፍል በፍጥነት ይወገድና የደም ሥሩ ሥራ ተከትሎት ይመጣል። ስለዚህ በየትኛውም ሆስፒታል የመቁረጥ ውሳኔ ሲቀርብልዎ በትሕትና ግን ሳያፍሩ «ወደ እግራቸው የሚደርሰው ደም ተለክቷል? ደም ሥሩን መክፈት ይቻል እንደሆነ ታይቷል?» ብለው ይጠይቁ። ደግ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

መለኪያው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ሐኪሙ በብሽሽት፣ ከጉልበት በስተ ኋላ፣ በቁርጭምጭሚትና በእግር መዳፍ ጀርባ ላይ ያለውን የደም ትርታ በጣቱ ይዳስሳል። ቀጥሎ ዶፕለር በሚባል ትንሽ መሣሪያ የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ተለክቶ ከክንዱ ግፊት ጋር ይነጻጸራል፤ ውጤቱ በጤናማ ሰው ከ1.0 እስከ 1.4 ሲሆን፣ ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ቅዳ መጥበብ አለ ማለት ነው። በስኳር ታማሚ ላይ ግን አንድ ማሳሳቻ አለ፤ የቁርጭምጭሚት ደም ሥሮች በካልሲየም ስለሚደድሩ ግፊቱ ሳይቀንስ ቀርቶ ወይም ከ1.4 በላይ ወጥቶ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቁስል ያለበት የስኳር ታማሚ «ቁጥሩ ደህና ነው» ተብሎ ብቻ አይሸኝም፤ የጣት ግፊት ወይም በዶፕለር አልትራሳውንድ የደሙ አካሄድ ይታያል። የተዘጋው ቦታና ርዝመቱ በትክክል እንዲታወቅ ደግሞ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሲቲ ስካን ምርመራ ይደረጋል። ቀለሙ የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይሠራ፤ አባትዎ ለስኳር የሚወስዱት ሜትፎርሚን ከሆነም ለሐኪሙ ይነገር፤ ኩላሊት ከደከመ ለ48 ሰዓት እንዲቋረጥ ሊያዝ ይችላል።

ሕክምናውን በተመለከተ አባትዎ ሊሰሙት የሚገባ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ሲመች ያጫውቷቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 1964 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት እግራቸው ቆስሎ፣ ጣቶቻቸውም እየሞቱ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ እግሩ ይቆረጥ ሲሉ እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ቻርልስ ዶተር የተባለ ሐኪም በዚያ ጊዜ ማንም ያልሞከረውን ሞከረ፤ በጭናቸው የጠበበ ደም ሥር ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ በላዩ ላይ ወፈር ያሉ ቱቦዎችን በማስገባት መንገዱን አሰፋው። እግራቸው ሞቀ፤ ቁስላቸው ዳነ፤ ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታትም በሁለት እግራቸው ሄዱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራው ደም ሥርን በፊኛ የማስፋት ሕክምና ከዚያ የጀመረ ነው። በዘመናችን ብሽሽት ላይ በሚሰጥ የማደንዘዣ መርፌ ብቻ፣ ሆድም እግርም ሳይቀደድ፣ ፊኛው በጠበበው ቦታ ተነፍቶ ይወጣል፤ እንደ ሁኔታው መንገዱ ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል የብረት መረብ ይቀመጣል። መጀመሪያ የዳነችው ሰው ልክ እንደ አባትዎ መቆረጥን እንቢ ያለች ሰው መሆኗን ሲሰሙ ሆስፒታል መሄድ ማለት ለመቆረጥ መሄድ ማለት እንዳልሆነ ይገባቸው ይሆናል።

የተዘጋው ርዝመት ብዙ ከሆነ ወይም ፊኛው የማያልፍ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ከራሳቸው እግር ደም መልስ ወስዶ ከተዘጋው በላይና ከተዘጋው በታች ይሰፋዋል፤ ደለል የሞላውን የመስኖ ቦይ ትቶ በጎኑ አዲስ ቦይ እንደ መቆፈር ያለ ሥራ ነው። ይህ ሰዓታት የሚወስድ ከባድ ቀዶ ሕክምና በመሆኑ ልባቸው ሊቋቋመው መቻሉ አስቀድሞ በልብ ምርመራ ይታያል። ሁሉም ታማሚ ለሁሉም ዓይነት ሕክምና አይሆንም። ስኳር ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ያሉትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ስለሚያጠቃ ማገናኛ ቦታ የሚታጣበት ጊዜም አለ። እውነቱን መደበቅ ለእርስዎ አይጠቅምም፤ የጠቆረው ጣት ራሱ ተመልሶ ሕይወት አይዘራም፤ ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን እሱ መወገዱ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ጣት አጥቶ እግርን ማትረፍና ከጉልበት በላይ መቆረጥ አንድ አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ብዙ ጊዜ የሚወስነው ታማሚው የሚደርስበት ቀን ነው። ምንም መንገድ ታጥቶ እግር መቆረጥ ግድ ቢሆን እንኳ ጉልበት ከተረፈ በሰው ሠራሽ እግር መሄድ እጅግ ይቀላል፤ ለዚህም ከዚያው ከክልሉ ሳይወጡ በባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ።

ስለ ጉዞው ላማክርዎ። የደም ሥር ቀዶ ሕክምና በአገራችን ገና ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ያሉት ዘርፍ ሲሆን፣ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ፣ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ታላላቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አካባቢ ናቸው። ለእናንተ ቅርቡ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ሲሆን በዚያ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ አለዚያ በደጀን አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው። በግምት አይነሡ። ሪፈሩን የጻፈው ሆስፒታል ላይዘን ቢሮ (ሆስፒታሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ክፍል) ገብተው፣ የሚቀበላችሁ ሆስፒታል ላይዘን ዘንድ እንዲደውሉላችሁ ይጠይቁ፤ በዚህ ሳምንት የደም ሥር ቀዶ ሐኪም በሥራ ላይ አለ ወይ፣ የሲቲ ስካን ማሽኑ ይሠራል ወይ፣ አልጋ ይገኛል ወይ ተብሎ ይረጋገጥ። ባሕር ዳር ካልተቻለ በዚያ ሳምንት ሙሉ ከመመላለስ በቀጥታ አዲስ አበባ መሄድ ይሻላል። የመንገዱ ሁኔታ አስተማማኝ ባልሆነበት በዚህ ጊዜ መንገድ የሚከፈትበትን ቀን ጠይቆ መነሣትም የዝግጅቱ አካል ነው፤ መንገዱ ቢዘጋ ግን አባትዎን ቤት ከማቆየት ደብረ ማርቆስ አስተኝቶ ቁስሉን፣ ስኳሩንና ኢንፌክሽኑን እያከሙ መጠበቅ እጅግ የተሻለ ነው።

በሬውን ከመሸጥዎ በፊት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆናችሁንና መዋጯችሁ መታደሱን ያረጋግጡ። አባል ከሆናችሁ የመድኑ መታወቂያና ደረጃውን ጠብቆ የመጣው የሪፈር ወረቀት ሳይጎድሉ መያዝ አለባቸው፤ ወረቀቱ ከጎደለ መብታችሁ ይጓደላል። በመንግሥት ሆስፒታል የማይገኙ ዕቃዎችና መድኃኒቶች ከውጭ ግዙ መባላቸው ስለማይቀር ጥቂት ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው ሳይታወቅ የእርሻ በሬን መሸጥ ከሕመሙ ቀጥሎ ቤቱን ይጎዳል። ወንድምዎ የሚያሳስበው የእህሉ ጉዳይ ተገቢ ጭንቀት ነው፤ ነገር ግን ውቂያ በወንፈል ወይም በደቦ ሊያልቅ ይችላል፤ ጎረቤትና ዘመድ በእንዲህ ያለ ቀን ካልተጠራ መቼ ይጠራል? የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ ቀደም ሲል የተደረጉ ምርመራዎችንም አብራችሁ ያዙ። ደም የሚለግሱ ሁለት ሦስት ዘመዶችም በስልክ የሚገኙ ይሁኑ።

ከሁሉ የሚከብደው አባትዎን ማሳመን እንደሚሆን ይገባኛል። «ከነአካሌ ልቀበር» ያለ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ በማስፈራራትና በለቅሶ አይሸነፍም፤ መሸነፍም የለበትም። ያለ እሳቸው ፈቃድና ፊርማ ማንም ሐኪም አካላቸውን ሊቆርጥ እንደማይችል ይንገሯቸው፤ ይህ ለማጽናናት የሚባል ቃል ሳይሆን የሕክምና ሥነ ምግባርና ሕግ ነው። «አባባ፣ የምንሄደው ለመቆረጥ አይደለም፤ ደሙ ከየት ላይ እንደ ተዘጋ አይተው መክፈት ይችሉ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት» ቢሏቸው እውነትም ነው፣ ያከብራቸዋልም። ቃልዎን ግን ይጠብቁ፤ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ከጀርባቸው አይፈርሙባቸው። እግሩ ተቆርጦ ስለ ሞተው ሰው የሚያነሡ ጎረቤቶች ካሉም፣ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በመቆረጡ ሳይሆን ዘግይተው መርዙ በደማቸው ከተሰራጨ በኋላ ስለሚደርሱ፣ ወይም ያው በሽታ የልባቸውንና የአንጎላቸውን ደም ሥር ጭምር ስለያዘ መሆኑን ያስረዱ።

አጎትዎን ተቃዋሚ አያድርጓቸው፤ አብረዋችሁ እንዲሄዱ ይለምኗቸው። ጠበል መጠጣትና መጸለይ ከሕክምና ጋር የሚጣላ ነገር የለውም፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን አጎትዎ ያስታውሱ ይሆናል። የሚጎዳው ሁለት ሱባዔ በብርድ ቦታ፣ የተከፈተ ቁስል በውኃ እየራሰ፣ መድኃኒት ተቋርጦ መክረም ነው። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጠርታችሁ ሁኔታውን ብትነግሯቸው ጠበሉን በዕቃ ተቀብለው እየጠጡ እንዲሄዱ የሚመክሯቸው ይመስለኛል፤ የእሳቸው አንድ ቃል ከእኔ መልስ ሁሉ ይበልጥ ያሳምናቸዋል። ስለ ጾሙም በዚያው ይነጋገሩ፤ የስኳር መድኃኒት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መዋል ስኳርን በድንገት አውርዶ ራስን ሊያስት ስለሚችል፣ ለሕመምተኛ የሚሰጠውን ፈቃድ ንስሐ አባታቸው እንዲሰጧቸው ይጠይቁ።

ሲጋራውን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያቆሙ ያድርጉ፤ ደም ሥራቸው በፊኛ ቢሰፋ ወይም አዲስ መንገድ ቢሠራላቸው፣ ማጨስ ከቀጠሉ ተመልሶ የመዘጋቱ ዕድል እጅግ ከፍ ይላል። አስፒሪን በትንሽ መጠን፣ በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም፣ እንዲሁም አቶርቫስታቲንን የመሰለ የቅባት መድኃኒት ለእንዲህ ያለ ታማሚ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚታዘዙ ናቸው፤ ጨጓራቸው ደምቶ የሚያውቅ ከሆነ አስፒሪኑ ሳይጀመር ለሐኪሙ ይነገር። ግራ እግራቸውም አይዘንጋ፤ በሽታው አንዱን እግር ብቻ መርጦ አይይዝም። በየማታው ጣት ለጣት መካከል፣ ተረከዝና መርገጫ በብርሃን ይታይ፤ ጥፍር በጥንቃቄ ይቆረጥ፤ ጫማ ከመደረጉ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰስ።

የእናትዎ ነገር ቀለል ያለ ይመስላል። በወሊድ ብዛት፣ በዕድሜና ለረጅም ሰዓት በመቆም የደም መልስ በሮች ሲላሉ ደም ወደ ታች ይጠራቀማል፤ ደም ሥሩ ይገታተራል፤ እግሩ ማታ ያብጣል፤ ጧት ይጎድላል። ለእሳቸው እግርን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማሳረፍ ይጠቅማቸዋል፤ ለአባትዎ የከለከልኩት ለእናትዎ የሚመከር መሆኑን ልብ ይበሉ። ካልሲውም ለእሳቸው ይስማማል፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ የእግር መዳፋቸው የደም ትርታ በጤና ባለሙያ ተዳስሶ፣ ቁርጭምጭሚታቸውና ባታቸው ተለክቶ ነው የሚገዛው። ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ቆዳው ከጠቆረ፣ ካሳከከ ወይም ከቆሰለ፣ የተገታተረው ደም ሥር በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ስለሚችል ለሐኪም ይታይ። የተገታተረው ቦታ ቢደማ ጋደም ብለው እግሩን ከፍ አድርጎ ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ መጫን ደሙን ያቆመዋል። አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ቢታመም ግን በውስጠኛው ደም መልስ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ማንም ሳያሸው በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ ከዚያ ጋር የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከመጣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ስለሚያመለክት ለሰዓትም አይዘገይ። እብጠቱ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ቆዳው የሚሻክርና የሚደድር ከሆነ ደግሞ በጎጃም ቀይ አፈር በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የደም ሥር ሳይሆን ከሥጋ ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ጉዳት ነው፤ በየዕለቱ በሳሙናና በውኃ በመታጠብ፣ በማለስለሻ ቅባት፣ በፋሻና በጫማ ይታከማል።

የእናትዎ ምርመራ ከአባትዎ ጉዞ በኋላ በጤና ጣቢያ ወይም በወረዳው ሆስፒታል ሊደረግ ይችላል። የላይዘን ቢሮው የስልክ ጥሪ ግን ነገ ጧት ይሁን፤ የሚቀበላችሁ ሆስፒታልና ቀኑ ከታወቀ በኋላ መኪናውንና አብሮ የሚሄደውን ሰው ይወስኑ።